ከብርሃን የሸሸችውን ሮቦት ከማመልከቻሽ አታውጪያት

እህቴ፣

ለመመረቂያሽ የሠራሻት ባለ ሁለት ጎማ ሮቦት ብርሃን እንድትከተል ነበር ሐሳብሽ፤ በማሳያው ቀን ግን ከመብራቱ ሸሽታ ጠረጴዛ ሥር ገባች። ተመልካቹ «አፈረች!» እያለ ወደዳት፤ አማካሪሽ «አልተሳካም» አሉ። አንቺም ከሥራ ማመልከቻሽ ልታወጪያት ነው። እባክሽ ተይ።

በላክሽልኝ ንድፍ ላይ የግራው የብርሃን ሴንሰር የግራውን፣ የቀኙም የቀኙን ሞተር ይነዳል። ብርሃን በበዛበት በኩል ያለው ሞተር ሲፈጥን ሮቦቷ ወደ ሌላው ጎን ትዞራለች፤ ጥላ ስታገኝ ሁለቱም ሞተሮች ይዝላሉ። «ማፈሯ» ይኸው ነው። የነርቭ ተመራማሪው ቫለንቲኖ ብራይተንበርግ እ.ኤ.አ. በ1984 ይህንኑ የሽቦ አያያዝ ፍርሃት፣ ሽቦዎቹ ሲሻገሩ ደግሞ ጠበኝነት እንደሚመስል አሳይቷል። ቀራፂው ኤድዋርድ ኢህናቶቪች እ.ኤ.አ. በ1970 በሆላንዷ አይንድሆቨን የተከለው ሴንስተር የተባለ ሮቦት ሐውልትም ወደ ዝግ ያለ ድምፅ ይጠጋ፣ ከጩኸት ይሸሽ ነበር፤ ጎብኚው እንደ ሕያው እንስሳ አየው። አማካሪሽ ብርሃን ተከታይ ስለጠበቁ ብልሽት አዩ፤ ተመልካቹ ምንም ስላልጠበቀ ጠባይ አየ።

መጋረጃ ባለው ክፍል መብራቱን አንድ ሜትር ላይ አድርገሽ አሥር ጊዜ አስኪጂያት። ፀሐይ ከገባ ከሴንሰሩ ጋር በተያያዘው 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር የሁለቱም ሴንሰሮች ንባብ ጣሪያ ነክቶ ልዩነቱ ይጠፋል። ወረቀት ለሁለት ክፈዪ፦ በአንዱ ያደረገችውን («ወደ ግራ ዞረች፣ ዘገየች»)፣ በሌላው የተባለላትን («ፈራች»)። ከዚያ የሞተሮቹን ሽቦ ግራና ቀኝ ብቻ አቀያይረሽ ድገሚው። ባትሪውንም ለኪ፤ ለሞተሮቹ ኃይል የሚያቀብለው ኤል298 ድራይቨር 2 ቮልት ገደማ ስለሚበላ ከ6 ቮልት ለሞተሩ የሚደርሰው 4 አካባቢ ነው። ባትሪ ደክሞ ስትቆም «እያሰበች ነው» የሚል አይጠፋም፤ እሱንም መዝግቢው።

ይህን በሁለት ገጽ አያይዢ። የፋብሪካ ጥገና ክፍል ውስጥ «ማሽኑ አበደ» ሲባል፣ ማሽኑ ያደረገውን ከተባለው ለይቶ የሚጽፍ ሰው ብርቅ ነው። ለዚህም መጀመሪያ ፒኤልሲ (ማሽኖችን የሚያዝ የፋብሪካ ኮምፒውተር) ያለበት ፋብሪካ ሁለት ዓመት ብትሠሪ እመርጣለሁ፤ ሮቦቷ ለማታ ትሁን።

አባትሽ «አሻንጉሊት እንጀራ አይሆንም» ማለታቸው በከፊል ልክ ነው፤ ጥበቡ ብቻውን ኪራይ አይከፍልም። ሥራሽን ደብቂ ማለታቸው ግን ስህተት ነው፤ በዚህ አትታዘዢያቸው። ከወንድምሽ የትምህርት ክፍያ የምትሸፍኚውን ግን ከመቀጠርሽ በፊት በብር ቁርጡን ንገሪያቸው። የውጭው ማስተርስ ይቆይ።

ሽቦውን ሳትፈቺ ፎቶ አንሺው።