የአፕል ግንድ ላይ ያለው ነጭ ጥጥ

ጥያቄ፦ ከቸንቻ አስመጥቼ የተከልኳቸው የአፕል ዛፎቼ አራተኛ ዓመታቸውን ይዘዋል። ግንዳቸው ላይ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ይለጠፋል፣ ቅርንጫፋቸውም ያብጣል። ማላታይን ስረጭ ጠፋ፤ ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ መጣ። ምን ላድርግ? (ከሰሜን ሸዋ)

መልስ፦ አንዱን ጥጥ በጣትዎ ይጨፍልቁት። ቀይ ቡናማ ፈሳሽ ጣትዎን ካቀለመው ሻጋታ አይደለም፤ ጥጥ የለበሰው የአፕል ክሽክሽ፣ የዛፉን ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ነፍሳት ነው። ጥጡ ነፍሳቱ ከሰውነታቸው የሚያወጡት ሰም ስለሆነ ውኃ አያሳልፍም፤ የረጩት መድኃኒትም ብዙው ላዩ ላይ ተንከባልሎ ይወርዳል። የተረፉት ደግሞ በቅርፊት ስንጥቅ፣ በመግረዣ ቁስል እና ከአፈር በታች በሥሩ ላይ ተደብቀዋል።

እባክዎ ማላታይኑን አይድገሙት። ክሽክሹን የሚበሉትን ጥንዚዛዎችና እንቁላሏን በክሽክሹ ሆድ ውስጥ የምትጥለውን ጥቃቅን ተርብ የሚፈጀው እሱ ነው። ቅርንጫፎቹን ጠጋ ብለው ይመልከቱ፤ ጥጣቸው ረግፎ ጥቁር ሆነው የደረቁ፣ ክብ ቀዳዳ ያላቸው ክሽክሾች ካገኙ ተርቧ ማሳዎ ውስጥ አለች ማለት ነው። ያን ቅርንጫፍ አይንኩት።

በሌሎቹ ላይ የሚበጀው ብሩሽ ነው። በአንድ ሊትር ውኃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠው፣ ጥጡን በጠንካራ ብሩሽ እያሹ ይጠቡት። አድካሚ ነው፤ አውቃለሁ። ነገር ግን ሰሙን የሚሰብረው እሽታው ነው፣ ሳሙናው ብቻ አይደለም። በየሳምንቱ ይድገሙት። በጣም ያበጡትን ቀጫጭን ቅርንጫፎች ገርዘው ያቃጥሉ፤ ትልልቁን ቁስል በቀለም ይሸፍኑ፣ ተባዩ ከሁሉ የሚወደው ቦታ እሱ ነውና። ከግንዱ ሥር የሚያቆጠቁጡትንም ይንቀሉ። ጉንዳን በግንዱ ላይ ከተመላለሰ፣ ፕላስቲክ ጠምጥመው በላዩ ግሪስ ይቀቡ፤ ጉንዳን ክሽክሹን ከጠላቶቹ ይጠብቃል። ግሪሱ ግን ቅርፊቱን መንካት የለበትም። ዩሪያም ይቀንሱ፤ ለምለም ቀንበጥ ተባዩን ይጋብዛል።

አሁን ወደ ሥሩ። በግንዱ አንገት ዙሪያ ያለውን አፈር በጥንቃቄ ገለጥ አድርገው ይዩ። ሥሩ ላይ እባጭ ካለ፣ ላዩን ምንም ያህል ቢያጸዱ ተባዩ ከታች ይወጣል። ኤምኤም 106 በሚባለው ሥር ላይ የተዳቀለ (ሥሩ ከአንድ ዝርያ፣ ላዩ ከሌላ አፕል ተገጥሞ የተጣበቀ) ችግኝ ከዚህ ይድናል፤ ይህ የሥር ዝርያ እንግሊዝ ሀገር በምርምር ሲወጣ አንዱ ዓላማ ጥጥ ለባሹን ክሽክሽ እንዲቋቋም ነበር። የሚያድነው ግን ሥሩን ብቻ ነው፤ ከመዳቀያው በላይ ያለው አካል እንደ ማንኛውም አፕል ይጠቃል።

የሞቱትን ለመተካት ችግኝ ሲገዙ በምን ሥር ላይ እንደተዳቀለ ሻጩን ይጠይቁ፤ አንገቱንና ሥሩንም አገላብጠው ይመልከቱ። እባጭ ወይም ነጭ ጥጥ ያለበትን፣ ዋጋው ቢረክስም፣ ወደ ማሳዎ አያስገቡ።