የባትሪ ሽፋን ፕላስቲክ በውኃ ብቻ ይጸዳልን?

ጠያቂያችን አሮጌ የመኪና ባትሪዎችን ሰብረው፣ ፕላስቲኩን ፈጭተው ለመሸጥ ማሰባቸውን ገልጸው፣ በውኃ ማለቅለቅ ብቻ ይበቃ እንደሆነ ጠይቀዋል። በዚሁ ሥራ የማጠቢያውን ክፍል ለዓመታት የያዝኩ እንደመሆኔ መልሴ አይበቃም ነው። ፕላስቲኩ ከባትሪው ክብደት ከ10 በመቶ በታች ሲሆን አብዛኛው ክብደት እርሳስ ስለሆነ፣ ባትሪ ሰባሪ ሁሉ፣ ሐሳቡ ፕላስቲክ ላይ ቢሆንም፣ የሚነካካው እርሳስና አሲድ ነው። ስለዚህ ሰበራውን አሲዱን በአግባቡ ለሚያስወግድና ፈቃድ ላለው ድርጅት ትተው፣ የተለየውን ስብርባሪ ቢረከቡ እመርጣለሁ። በመጥረቢያ መስበርንማ ጨርሶ አያስቡት።

መለየቱ ቀላል ነው፤ ሽፋኑ የሚሠራበት ፖሊፕሮፒሊን ከውኃ ስለሚቀል ገንዳ ውስጥ ይንሳፈፋል፣ እርሳሱ ይዘቅጣል። በጣም አሮጌ ባትሪዎች ላይ የሚገኘው ጥቁር ጠንካራ ጎማም ይዘቅጣል፤ እሱ ስለማይቀልጥ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ችግሩ የተንሳፈፈው ሁሉ ንጹሕ አለመሆኑ ነው። የሽፋኑ ወለል ላይ በባትሪው ውስጥ የሚደረደሩት ዝርግ የእርሳስ ሳህኖች የሚቀመጡባቸው ቀጫጭን ሸንተረሮች አሉ፤ በመካከላቸው የሚጠራቀመው ግራጫ የእርሳስ ጭቃ ከተፈጨም በኋላ ከቁራጩ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። እኛ ስብርባሪውን አነስ አድርገን እንደገና ከፈጨን በኋላ፣ በሶዳ ውኃ እያማሰልን አጥበን፣ ሁለት ጊዜ እናለቀልቀው ነበር። ከዚያም ጓንት አድርጌ አንድ እፍኝ ነጭ ቁራጭ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ አሻለሁ፤ ጨርቁ ከጠቆረ ወደ ገንዳው ይመለሳል። ጨርቁ ነጭ መሆኑ ግን የላቦራቶሪ ምርመራን አይተካም። የእጥበቱ ውኃም እርሳስ ስላለበት ሳይታከም ወደ ቦይ አይለቀቅም፤ ከወጪው ትልቁን ድርሻ የበላብን ይኸው ውኃ ነበር።

በሳህኖቹ መካከል የሚገባው ስስ መለያያም ተለቅሞ ካልወጣ የማቅለጫውን ወንፊት ይደፍናል፤ ፒቪሲ ከተባለው ፕላስቲክ የተሠራ ከሆነ ደግሞ ሲሞቅ የሚያንቅ የአሲድ ጋዝ ይወጣዋል።

ሽያጩን በተመለከተ፣ ተስማሚው ገዢ አዲስ የባትሪ ሽፋን የሚሠራ ፋብሪካ ነው። ጥቁሩን ከሌላው ቀለም ለይተው ያቅርቡ፤ ነጩ ከተቀላቀለበት በኋላ ወደ ነጭነቱ የሚመልሰው የለም። የምግብ ዕቃ ወይም የልጆች መጫወቻ ለሚሠራ ግን የቱንም ያህል ቢከፍልዎ አይሽጡለት።