ከረጅም ዓመታት በኋላ ወደ ቴኒስ ለሚመለስ ሰው ምን ዓይነት ራኬት ይሻላል?

ጋሼ፣ እንኳን ወደ ሜዳው በደህና ተመለሱ። ጥያቄዎን እንደተረዳሁት በወጣትነትዎ በእንጨት ራኬት ይጫወቱ ነበር፤ አሁን በ61 ዓመትዎ አዲስ አበባ ላይ እንደገና ሊጀምሩ ነው፤ ክርንዎ አልፎ አልፎ ይጠዘጥዝዎታል፤ ልጅዎ ደግሞ ከአሜሪካ «በጣም ቀላልና ፊቱ ትልቅ የሆነውን» ሊልክልዎ አስቧል። የልጅዎን ሐሳብ የምቀበለው በግማሹ ነው። ፊቱ፣ ማለትም ክር የሚወጠርበት ክፍል፣ ሰፋ ይበል፤ ክብደቱ ግን ከልክ በላይ አይቅለል።

ዛሬ ከ230 ግራም በታች የሚመዝኑ ራኬቶች አሉ። ሱቅ ውስጥ ሲያነሷቸው ደስ ይላሉ። ችግሩ የሚመጣው በፍጥነት የሚመጣ ኳስ ሲመልሱ ነው፤ የምቱን ኃይል ራኬቱ ካልተሸከመው ክንድዎ ይሸከመዋል። በዚያ ላይ አምራቾቹ የጎደለውን ክብደት ለማካካስ እነዚህን ራኬቶች ግትር ያደርጓቸዋል፤ ሚዛናቸውንም ወደ ጫፍ ያደሉታል። ለታመመ ክርን ከዚህ የከፋ ነገር የለም። ክር ሳይገባበት ከ270 እስከ 290 ግራም የሚመዝንና ሚዛኑ ወደ መያዣው ያደላ ይምረጡ። ከእንጨቱ ጋር ሲነጻጸር ይህም ቢሆን በጣም ይቀልልዎታል።

ስለ ፊቱ ስፋት፣ የእንጨቱ ራኬት ከ65 እስከ 70 ካሬ ኢንች አካባቢ ነበር። ፕሪንስ የተባለው ኩባንያ በ1976 እ.ኤ.አ. 110 ካሬ ኢንች የሆነውን ካወጣ በኋላ ግን ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። ለእርስዎ ከ100 እስከ 105 ይበቃል። «ለአዛውንት 115 ይሻላል» የሚሉ ሰዎች ባሕር ጠለል አካባቢ ለሚጫወት ሰው ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ኳሱ ይከንፋል። የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ደንብም ቢሆን ከ1,219 ሜትር በላይ ለሚደረግ ጨዋታ የተለየ ኳስ ይፈቅዳል። ስለዚህ ጉልበቱን አየሩ ራሱ ይሰጥዎታል፤ ፊቱ ትልቅ የሆነ ራኬት ሌላ ጉልበት ሲጨምርበት ኳሱ የሚያርፈው አጥሩ ሥር ነው። እኛ ክለብ ውስጥ በትልልቅ ራኬት የሚጫወቱ ሰዎች ግማሹን ሰዓት ኳስ ሲለቅሙ አያለሁ።

ለምሳሌ ያህል፣ ዊልሰን ክላሽ በተጣጣፊነቱ የታወቀ ነው፤ 108 ካሬ ኢንች የሆነው 280 ግራም ይመዝናል፤ ፊቱ እኔ ካልኩት ትንሽ ቢሰፋም ለክንድ ይራራል። ዮኔክስ ኢዞን 105 ደግሞ 275 ግራም ነው። ያለፈው ዓመት ሞዴል ዋጋው ስለሚቀንስ ልጅዎ አዲሱን ቀለም አያሳድድ።

አብዛኛው ሰው ለራኬቱ ተጨንቆ ክሩን ይረሳል። እኔን ከክርን ሕመም ያሳረፈኝ ግን ክሩን መቀየሬ ነው፤ ራኬቱ ያው የድሮው ነው። ወጣቶቹ የሚወዱት ፖሊስተር ኳሱን ለማሽከርከር ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ደረቅ ነው፤ ውጥረቱም ቶሎ ይረግባል። እርስዎ መልቲፊላመንት የሚባለውን፣ ከብዙ ቀጫጭን የናይለን ክሮች የተገመደውን ያስገቡ። ከከብት አንጀት የሚሠራው ከሁሉም ይለሰልሳል፤ ዋጋው ግን አይቀመስም፤ እርጥበትም ስለማይወድ ለክረምታችን አይሆንም። ውጥረቱን በ23 ኪሎ ይጀምሩ። ኳሱ ከመስመር እየወጣ ካስቸገረዎት ግማሽ ኪሎ እየጨመሩ ይሞክሩ፤ ክርንዎ ካጉረመረመ ደግሞ መልሰው ይቀንሱ።

የመያዣውን ውፍረት ልጅዎ በግምት እንዳይገዛ። የማንንም ራኬት ተውሰው ለፎርሃንድ፣ በመዳፍ በኩል ለሚመታው ምት፣ እንደሚይዙት ይያዙት፤ በጣቶችዎ ጫፍና በመዳፍዎ መካከል የሌላኛው እጅዎ አመልካች ጣት ልክ ከገባ መጠኑ የእርስዎ ነው። በሁለት ቁጥር መካከል ከሆኑ ትንሹን ይውሰዱ፤ ቀጭኑን በመጠቅለያ ማወፈር ይቻላል፤ ወፍራሙን ማቅጠን ግን አስቸጋሪ ነው።

በነገራችን ላይ የድሮውን የባክሃንድ ስላይስዎን፣ በእጅ ጀርባ በኩል ኳሱን ከሥሩ ቆረጥ አድርገው የሚመቱትን፣ አይተዉት። ዛሬ ወጣቶቹ ዝቅ ብሎ ለሚንሸራተት ኳስ ጉልበታቸውን ማጠፍ አይወዱም።

ልጅዎ ራኬቱን ከመላኩ በፊት ግን ክለብዎ ውስጥ ክር የሚወጥር ሰው መኖሩን ይጠይቁ። ካለ ራኬቱ ያለ ክር ይምጣና እዚህ በልክዎ ይወጠር። ከሌለ እዚያው በ23 ኪሎ አስወጥሮ ይላከው፤ ለማንኛውም ሁለት ትርፍ ክርና ጥቂት መጠቅለያ ሻንጣው ውስጥ ይጨምርበት።