የራስሽን ሰማይ ሳይሆን ደንገጎን እዪ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ታላቅ እህቴ ሎስ አንጀለስ አጠገብ አልታዲና የምትባል ቦታ ትኖራለች። በ2017 የገና ዕለት ማታ ያ የሰደድ እሳት ሲመጣ ልጆቿን ይዛ በለበሰችው ልብስ ነው የወጣችው። ከዚያ ወዲህ በደወለች ቁጥር «ቦርሳሽን አዘጋጀሽ ወይ?» ነው ጥያቄዋ። ሰነድ፣ መድኃኒት፣ ፎቶ፣ ገንዘብ፣ ኮምፒዩተር የሚያዝበት የመውጫ ቦርሳ ማለቷ ነው። እኔ ግን ቤቴ እዚሁ ድሬ፣ ደቻቱ ወንዝ ዳር ነው። የሚነድ ጫካ የለን። ባለቤቴ «እህትሽ ፈርታ አስፈራችሽ» እያለ ይስቅብኛል። ክረምት ሲገባ ግን እንቅልፍ አይወስደኝም። እናቴ ኢንሱሊን የምትወጋ የስኳር በሽተኛ ናት፣ እግሯም አይታዘዛትም፤ ልጆቼ ትንንሽ ናቸው። እውነት ቦርሳው ያስፈልገናል? ምንስ ይያዝበት? — ከደቻቱ ዳር

መልስ፦ ባልሽ ይሳቅ፤ አንቺ ቦርሳውን አዘጋጂ። ግን ከቦርሳው የሚቀድም ነገር አለና እሱን ላስቀድም።

እህትሽ ከወጣችበት እሳት ልንማር የሚገባን ነገር ዕቃው አይደለም፤ ሰዓቱ ነው። አልታዲናን ሌክ አቬኑ የሚባል መንገድ ለሁለት ይከፍላታል። ከመንገዱ በስተምሥራቅ ላሉት «ውጡ» የሚለው ትእዛዝ በጊዜ፣ በምሽቱ ደረሳቸው። በስተምዕራብ ላሉት ግን ሌሊቱ ከተጋመሰ በኋላ ነው የመጣው፤ እሳቱ ቀድሞ ሰፈራቸው ገብቷል። ከሞቱት ውስጥ አብዛኞቹ የዚያ የምዕራቡ ወገን ሰዎች ናቸው፣ ብዙዎቹም በዕድሜ የገፉ። ስልክ ሁሉ ማስጠንቀቂያ በሚጮኽበት አገር ይህ ከሆነ፣ እዚህ ደጃችንን የሚያንኳኳ ሰው እስኪመጣ መጠበቅ ምን ማለት እንደሆነ አንቺው አስቢው።

የኛ እሳት ደቻቱ ነው። ሐምሌ 29 ለ30፣ 1998 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ፣ ጎርፉ ሰው በተኛበት መጥቶ ከ200 በላይ ነፍስ ወሰደ። ያኔ ያልተወለደ ልጅ ዛሬ አሸዋው ላይ ኳስ ይጫወታል፤ ወንዝ መሆኑንም የሚያምን አይመስለኝም። አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ነዋ፤ አህያው፣ ባጃጁ፣ ነጋዴው ሁሉ በላዩ ያልፋል። ነገር ግን ውሃው የድሬ ዝናብ አይደለም። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከበላያችን ያለው ደጋ ከ2,000 ሜትር ይበልጣል፤ በመካከሉ ያለው መንገድ አጭርና ቁልቁል፣ ተራራውም የተራቆተ። እዚያ ላይ የወረደው ዝናብ መሬት ውስጥ ሳይሰርግ ተሰብስቦ ወደኛ ይመጣል። ስለዚህ አንቺ ግቢ ኮከብ እየታየ ጎርፉ መንገድ ላይ ሊሆን ይችላል። የራስሽን ሰማይ አትመኚ፤ ከበላያችን ያለውን ተራራ፣ ደንገጎን እዪ። ማታ ወደዚያ በኩል ከጠቆረና መብረቁ ካልቆመ ምልክቱ ያ ነው። በላይኛው መንገድ የሚመላለስ ሰው፣ የጫት አይሱዙ ሹፌርም ቢሆን፣ ስልኩን ያዢ። «እዚያ እንዴት ነው?» ለማለት ሁለት ብር አይፈጅም።

ከዚያ «እንውጣ» የሚለው ማን ነው? ይህ ዛሬውኑ ይወሰን። በብዙ ቤት አባወራው እስኪመጣ ይጠበቃል። ባልሽ በርጫ ላይ ቢሆንስ? ስልኩ ቢዘጋስ? ቤት ያለ ትልቅ ሰው ሁሉ፣ አንቺም፣ ማንንም ሳትጠይቂ ተነስተሽ እንድትወጪ ተስማሙ። በከንቱ ወጥታችሁ ብትመለሱ የሚጎድለው የአንድ ሌሊት እንቅልፍ ነው። ይስቃል ያልሽኝ ባልሽም ጠዋት ይስቅ።

የት ትሄጃለሽ የሚለው ደግሞ ሰው የሚሳሳትበት ነው። አቦ፣ ወንዝ ተሻግሮ የሚደረስበት መሸሸጊያ መሸሸጊያ አይደለም! ቤትሽ ከወንዙ በመጋላ በኩል ከሆነ ማዶ ከዚራ ያለችው አክስትሽ ለዚያ ሌሊት የለችም በያት። በራስሽ ወገን፣ ከፍ ያለ ቦታ ያለ ዘመድ ወይም ወዳጅ ፈልጊ፤ አሁኑኑም ንገሪው። የሚሮጥ ውሃ 15 ሳንቲ ሜትር ብቻ ሆኖ ትልቅ ሰው ይጥላል፤ 30 ሳንቲ ሜትር ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል፤ ባጃጅማ አታንሺው። «ቶሎ ላሻግርሽ» የሚል ባለባጃጅ ቢመጣ አመስግነሽ እለፊው።

እናትሽን በሚመለከት፣ ነርስ ሆኜ ያረጀሁ ሰው ነኝና ትንሽ ልርዘም። በጀርባ ማዘል በጨለማ፣ በድንጋጤ፣ ሁለት ሕፃን እየጎተቱ አይሆንም። መደገፊያ ያለው ጠንካራ ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ በነጠላ ወገቧን አስሮ፣ አንዱ ከኋላ መደገፊያውን፣ ሌላው ከፊት እግሮቹን ይዞ መሸከም ነው። ተሸካሚዎቹ በስም ይታወቁ። ዕድራችሁ ድንኳን ለመትከል የሚጠራቸው ጎረምሶች የሉም? አፎሻ ያላችሁም እንደዚሁ። ከእነሱ ሁለቱን፣ ካልተገኙም ሌላ ሁለት፣ አነጋግሪና አንድ ቀን በደህናው ጊዜ እናትሽን አስቀምጣችሁ እስከ በር ሞክሩት። ወንበሩ በበሩ የማያልፍ ቤት አይቻለሁ።

ኢንሱሊኗ ተከፍቶ በሥራ ላይ ያለ ከሆነ ከ30 ዲግሪ በታች አራት ሳምንት ያህል ይቆያል፤ የድሬ ሙቀት ግን ይህን ይዘላል። ስለዚህ ስትወጡ በፌስታል አሽጊውና በረጠበ ጨርቅ ጠቅልይው፤ ደርሳችሁም ጥላ ያለበት አስቀምጪው። በረዶ አታስነኪው፤ ከቀዘቀዘ ሳይሆን ከረጋ ይበላሻል። ከጎኑ መርፌዎቹ፣ መለኪያው፣ ስኳሯ ሲወርድ የምትልሰው ከረሜላ ወይም ስኳር፣ የመድኃኒቱ ስምና መጠን የተጻፈበት ወረቀት ይሁን። መነጽሯንና ጫማዋንም አትርሺ። መጠለያ ውስጥ የስኳር ሕመምተኛ በባዶ እግሩ ሲሄድ ማየት ይከነክነኛል።

የቀረው ቦርሳ ቀላል ነው። መታወቂያ፣ ፋይዳ፣ የልደት ወረቀት፣ የቤት ካርታ፣ የትምህርት ማስረጃ፤ ሁሉንም በፌስታል ደራርበሽ እሰሪ፣ ፎቶ አንስተሽም ለእህትሽ በቴሌግራም ላኪላት። ጭንቀቷም ይቀንስላታል። ዝርዝር ብር ያዢ፤ መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋ ቴሌብር አይረዳሽም። ስልክ ቁጥሮች በእጅ ይጻፉ። በሶ፣ ቴምር፣ ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ሊትር ያህል ውሃ፣ የእጅ ባትሪ። ወርቅ ካለሽ ልበሽው። ቴሌቪዥኑን ተይው፤ ፍራሹንም። ቦርሳው አልጋ ሥር ሳይሆን በሩ አጠገብ ከፍ ካለ ሚስማር ላይ ይሰቀል። ቆጣሪውን የምታጠፊው እግርሽ ደረቅ ከሆነ ብቻ ነው፤ ውሃ ከገባ አትንኪው፣ ውጪ።

ስትመለሱ በቀን ይሁን። ጎርፍ የነካው ዱቄት፣ እንጀራ፣ አትክልት ይጣል፤ ብትሰስቺም ጣዪው። ውሃ ወይ አፍልቶ፣ ወይ ውሃ አጋር በሚባለው የውሃ ማከሚያ መድኃኒት አክሞ ነው።

ጥያቄ፦ ለእትዬ፤ ቤታችን ሐረር ሐኪም ጋራ ሥር ነው። በበጋ ሣሩ ደርቆ አንዳንዴ እሳት ይነሳበታል። የማሽላ አገዳ ከቤቱ ጀርባ ከምረናል፣ ሁለት ላሞችም አሉን። ምን እናድርግ? — አርሶ አደር

መልስ፦ መጀመሪያ አገዳውን ከግድግዳው አንሳው። የሰደድ እሳት ብዙ ቤት የሚያቃጥለው ነበልባሉ ደርሶ ሳይሆን ነፋስ የሚበትነው ፍንጣሪ ደረቅ ነገር ላይ አርፎ ነው። ከግድግዳህ ዙሪያ አንድ ሜትር ተኩል ያህል አገዳ፣ ማገዶ፣ ኩበት፣ የከሰል ጆንያ የሚባል ነገር አይኑር፤ ሣሩም ይታጨድ። ክምሩ ቢቻል 30 ሜትር ይራቅ፤ ቦታ ከሌለ የቻልከውን ያህል።

እሳት ዳገት ይወዳል፤ 10 ዲግሪ ዳገት ፍጥነቱን እጥፍ ያህል ያደርገዋል። ስለዚህ ከታች ከመጣ ወደ ጋራው አትሩጥ። በጎን ውጣና ወደ ታረሰ ማሳ ወይም ወደ ጥርጊያ መንገድ ሂድ። ጥጥ ልበሱ፤ ናይለን ቆዳ ላይ ይቀልጣል። ጣራ ላይ ባልዲ ይዞ መቆም የሚባለውን ተወው።

ላሞቹን ጭሱን እንዳየህ ፍታቸው፤ ልጅ ይዟቸው ቀድሞ ይውጣ። በኋላ እፈታለሁ ያልከው ገመድ በጭስ ውስጥ አይገኝም። ማታ የምታስርበትን ቋጠሮም ሲጎትቱት በአንዴ የሚፈታ አድርገው።