ሊደሩ ስልኩ ውሃ ገባበት፣ እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

እንዴት ሰነበታችሁ። ባለፈው ስለ ክላን (ጨዋታ ላይ አብረው የሚሰለፉ ሰዎች ቡድን) አመራር፣ ማለትም ስለ ሊደርነት ያላችሁን ጥያቄ ላኩ ብዬ ነበር። ልካችኋል፤ አንዳንዶቻችሁማ ያንኑ ጥያቄ ሦስት ሦስት ጊዜ። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያለሁ፣ ስድቡንም አውጥቻለሁ። አብዛኞቻችሁ የክላሽ ኦፍ ክላንስ ሰዎች ናችሁ። የፐብጂና የፍሪ ፋየር ልጆችም አላችሁ። ኮምፒውተር ላይ የምትጫወቱ ሁለት ሰዎችም ጽፋችኋል፤ ቀንቻለሁ።

ከባህር ዳር፦ ክላናችን የጎጃም ልጆች ብቻ ነው። አንድ ጎበዝ ልጅ መግባት ፈለገ፤ ግን ጎንደሬ ነው። እንቀበለው ወይ?

ተቀበሉት። ዓባይን አቋርጦ ወደ ጎንደር የሚያሻግር 380 ሜትር ድልድይ በ2016 የተመረቀላችሁ ለፎቶ መነሻ አይደለም።

ከደብረ ማርቆስ፦ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ክላኑን የመሠረተውም እሱ ነው። የፊዚክስ መምህሩ አባል ሆኑ። ታዲያ በየዋሩ፣ ክላን ከክላን በሚገጥምበት ውጊያ፣ ሁለተኛውን አታክ (ጥቃት) ሳይመቱ ያሳልፉታል። “አንተ” ብሎ እንዳይቆጣ ይፈራል። “እርስዎ” ሲል ደግሞ ጓደኞቹ ይስቁበታል። ኪክ ላድርጋቸው (ላባርራቸው) ይላል፤ ከዚያ ደግሞ ውጤቱ ትዝ ይለዋል።

“በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ” ሲባል ሰምተሃል? ሜዳ ላይ ሩሯን ሲያሳድድ ሎሌው የጌታውን ቅልጥም በገና ዱላ ቢለው ጌታው ዋጥ ያደርጋታል። ጨዋታው ሲያልቅ ግን ጌታ ጌታ ነው፤ ሎሌውም እጅ ነስቶ ይሄዳል። ሁለቱም ይህን ያውቁ ነበር።

ስለዚህ “እርስዎ” በላቸው። የሚስቀው ይሳቅ። እርስዎ ማለትና ሕግ ማስከበር አይጣሉም። “ቲቸር፣ አንድ አታክ ቀርቶዎታል፤ አራት ሰዓት አለን” ብለህ ጻፍላቸው። በዚህ ውስጥ ምን ነውር አለ? ደግሞ ሕጉን ለእሳቸው ብለህ አታውጣ፤ ለሁሉም አውጣው። ሁለት ዋር ያጎደለ ሦስተኛውን ቁጭ ብሎ ያያል በል፣ ለጥፈው፣ ከዚያ መጀመሪያ የቅርብ ጓደኛህ ላይ ተግብረው። መምህሩ ያን ጊዜ ራሳቸው ይገባቸዋል። ፊዚክሱን በተመለከተ አጥና።

ከዳንግላ፦ “ዋሩ 8 ሰዓት ላይ ያልቃል” ብሎ ጻፈ። ግማሹ ቀን በ8 ሰዓት ገባ፣ ሁለቱ ሌሊት በ8 ሰዓት ተነሱ፣ ዋሽንግተን ያለው የአጎቱ ልጅ ደግሞ ሁሉም ካለቀ በኋላ መጣ። ማነው ጥፋተኛው?

አንተ ነህ። አንተ 8 ያልከው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ የእኛ ማታ 2 ሰዓት ነበር፤ ዋሽንግተን ደግሞ ያኔ ገና ቀትር አካባቢ ነው። ልዩነቱ በበጋቸው ሰባት፣ በክረምታቸው ስምንት ሰዓት ስለሆነ በዓመት ሁለቴ ይምታታብሃል። መፍትሔው ሰዓት አለመጻፍ ነው። ጨዋታው ራሱ ቀሪውን ጊዜ ይቆጥርልሃል። “ሊያልቅ 5 ሰዓት ቀርቶታል” በል። አምስት ሰዓት ዳንግላም ዋሽንግተንም አምስት ሰዓት ነው።

ከቡሬ፦ 43 ሰው አለን፣ ሊደሩ እኔ ነኝ። ኮ-ሊደር (ምክትል) አድርገን እያሉ ይጨቀጭቁኛል። እኔ ግን ሰው አላምንም። ጥፋት ነው?

አዎ፣ ጥፋት ነው። እኔም የሠራሁት ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስልህ።

ተማሪ እያለሁ 50 ሰው የሞላው ክላን ነበረኝ። 50 ጣሪያው ነው፤ ለመግባት ወረፋ ነበር። ኮ-ሊደር ግን አንድም አልነበረኝም። ሁሉም በእኔ እጅ እንዲሆን ነበር የምፈልገው። ለጥምቀት አገር ቤት ሄድኩ። ምንጭ ወርጄ ውሃ ልቀዳ ጎንበስ ስል ስልኬ ከደረት ኪሴ ሾልኮ ገባ። አውጥቼ ሮጥኩና ጤፍ ውስጥ ቀበርኩት። እናቴ “ይሄ ደግሞ ምን አጥፍቶ ነው የተቀበረው?” አለች። ሦስት ቀን ቆየ፤ አልተነሳም። ሌላ ስልክ ገዝቼ አካውንቴን እስክመልስ 26 ቀን ሄደ።

ዋር መክፈት የሚችሉት ሊደርና ኮ-ሊደር ብቻ ናቸው። 26 ቀን ሙሉ ዋር የለም ማለት ነው። ስመለስ 19 ሰው ቀርቷል። ከሄዱት አብዛኞቹ አንድ ላይ ሌላ ክላን ከፍተው አገኘኋቸው። ሦስት ኮ-ሊደር ነበራቸው። ልግባ ብዬ ጠየቅኩ፤ ተቀበሉኝ፣ በተራ አባልነት።

ከኔ የባሰም አለ። ኢቭ ኦንላይን የሚባል በአይስላንድ የተሠራ የጠፈር ጨዋታ አለ፤ በሺህ የሚቆጠር ሰው በጥምረት ተደራጅቶ የሚዋጋበት። በጥር 2014 እ.ኤ.አ. አንድ ትልቅ ጥምረት የአንዲት ግዛቱ የይዞታ ክፍያ በጊዜው ሳይከፍል ቀረ። ቦታዋ ባለቤት አልባ ሆነች፣ ጠላት ገባ፣ 21 ሰዓት ገደማ የፈጀ ውጊያ ተነሳ። ከ7,500 በላይ ተጫዋች ገባበት። ታይታን ከሚባሉት፣ ሰው ወራት ከፈጀባቸው ግዙፍ መርከቦች 75ቱ ወደሙ። መነሻው አንዲት ያልተከፈለች ክፍያ ናት።

“ሰው አላምንም” ያልከውም ከንቱ አይደለም። በዚያው ጨዋታ በ2009 እ.ኤ.አ. ባንድ ኦፍ ብራዘርስ የተባለውን ኃያል ጥምረት ሥልጣን የነበረው የራሱ ሰው ወደ ባላንጣ ዞሮ ከውስጥ አፈረሰው። በአንድ ሌሊት። ክላሽ ላይም ኮ-ሊደር ከሥሩ ያለውን ኤልደሩንም ተራ አባሉንም ማባረር ይችላል። አንዱ ከተናደደ እናንተ ስትነቁ ቤቱ ባዶ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

እና ምን ይሻላል? የአያቴ ሰንበቴ የገንዘብ ሳጥን ሁለት ቁልፍ ነበረው። አንዱ ሙሴው ጋር፣ አንዱ ጸሐፊው ጋር። ሁለቱ ሰዎች በድንበር ተጣልተው አይነጋገሩም ነበር። ሳጥኑ ግን በቀኑ ይከፈታል፤ አንዱ ቁልፉን አዙሮ ዘወር ይላል፣ ሌላው ይመጣል። ልጅ እያለሁ አያቴን “ለምን አንድ ሰው አይዘውም?” ብዬ ጠየቅሁት። “ሰው ይሞታላ” አለኝ።

43 ሰው ላለው ክላን ሁለት ወይ ሦስት ኮ-ሊደር ይበቃል። አሥራ አምስት ያላቸውን አይቻለሁ፤ እሱ ክላን ሳይሆን ሹመት ማደያ ነው። አንዱ ቡሬ የማይኖር ይሁን፤ መብራት ወይ ኔት ሲጠፋ ሁላችሁም አብራችሁ እንዳትጠፉ። መጀመሪያ አንድ ሁለት ወር ኤልደር አድርገህ ተመልከተው። ዶኔት ማድረጉን (ለአባላት ወታደር መስጠቱን) ብቻ አትይ። ዋር ስትሸነፉ ቻት ላይ ምን ብሎ እንደሚጽፍ እይ። ሲሸነፍ የሚሳደብ ሰው ቁልፍ አይያዝ። አካውንትህንም ዛሬውኑ ከምታስታውሰው ኢሜይል ጋር አያይዘው። ዛሬ ነው ያልኩት።

ከአዴት፦ ብዙ ስለምጽፍ አውራ ጣቴን ያመኛል።

አሳርፈው፣ አሳጥረህ ጻፍ፤ ካልተወህ ሐኪም ይየው።

ከባህር ዳር፣ ከባለ ኮምፒውተሮቹ አንዱ፦ ጊልዳችን (እናንተ ክላን የምትሉት) ዋርክራፍት ይጫወታል። የጨዋታውን አለቃ ጭራቅ ገድለን ዕቃ ሲወድቅ ጠብ ይነሳል። በዕጣ ይሁን፣ ወይስ ሊደሩ ይስጥ?

ጠቡ የቆየ ነው። ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት በ2004 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ለትልልቆቹ ፍልሚያዎች 40 ሰው ይገባ ነበር፤ የሚወድቀው ዕቃ ግን በጣት የሚቆጠር። ከዚያም በፊት በ1999 እ.ኤ.አ. ኤቨርክዌስት የሚባል ጨዋታ ላይ ሰዎች የነጥብ ሥርዓት ፈጥረው ነበር። ስሙ “የዘንዶ ግድያ ነጥብ” ነው፤ ያኔ የሚገደሉት ሁለት ዘንዶዎች ነበሩና። በየፍልሚያው ለተገኘ ነጥብ ይቆጠርለታል። ዕቃ ሲወድቅ በነጥቡ ይገዛል።

ዕጣ እንደ እቁብ ይመስላል፤ አይደለም። እቁብ ላይ ዕጣው ተራን ብቻ ነው የሚወስነው፤ መጨረሻ ላይ የማይደርሰው የለም። እዚህ ግን ትናንት የገባ ልጅ ሰይፉን ይዞ ነገ ሊሰወር ይችላል። ነጥብም እንከን አለው። ነባሮቹ ያከማቹና አዲስ ሰው ዓመት ቢለፋ አይደርስባቸውም። ስለዚህ ያልተጠቀሙበት ነጥብ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ እንዲቀንስ አድርጉ። ሊደሩ ይስጥ ከተባለ ጊልዱ ይፈጥናል፤ ሊደሩ ግን ለወንድሙ በሰጠ ቀን ይፈርሳል። አሥር ሰው ከሆናችሁ ተነጋገሩ፣ ይበቃችኋል። ከዚያ በላይ ከሆናችሁ ነጥብ። መዝገቡ ደግሞ ለሁሉም ይታይ።

ከእንጅባራ፦ ማይክ ከፍታ ሴት መሆኗ ከታወቀ ወዲህ ሁለት ልጆች አላስቀምጥ አሏት። ለሊደሩ ብትነግረው “ቀልድ ነው፣ ቻይው” አላት። ልውጣ ወይ ትላለች።

እህቴ፣ መውጣት ያለባቸው እነሱ ነበሩ። ለመጥፎ ቀልድ አንድ ማስጠንቀቂያ እሰጣለሁ። ሴት ልጅን ለሚያዋክብ ግን ዜሮ ነው። ድምፅ አይሰጥበትም፣ ኮሚቴ አይቀመጥበትም፣ ያው ደቂቃ ይባረራል፤ ያለ እሱ ዋር ብንሸነፍም እንሸነፍ። የጻፉትን ሁሉ ስክሪንሾት አድርገሽ ያዢ፣ ጨዋታው ላይ ሪፖርት አድርጊ። ሊደርሽ አሁንም “ቻይው” ካለ ጓደኞችሽን ይዘሽ ውጪ። ሲቀንስበት ይገባዋል።

ከሞጣ፦ ሊደር ነው። አንድ አባል ሌሊት ላይ “ከነገ በኋላ አልኖርም፣ ክላኑን ጠብቁልኝ” ብሎ ጻፈ። ሌሎቹ በሳቅ ምልክት መለሱለት። እውነቱን ይሆን?

ለጸሐፊው ደብዳቤው በደረሰኝ ሰዓት ደውያለሁ። እዚህ የምጽፈው ለሌሎቻችሁ ሊደሮች ነው።

እውነቱን ነው ብላችሁ ተነሱ። ተሳስታችሁ ብታፍሩ ይሻላል። ቻት ላይ ሳይሆን ስልክ ደውሉ። “ራስህን ልታጠፋ አስበሃል?” ብላችሁ በግልጽ ጠይቁት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም። ብቻውን አትተዉት። ምስጢር ነው ቢላችሁም ለቤተሰቡ ወይ ለሚቀርበው ሰው ተናገሩ፤ ይህ የሚጠበቅ ምስጢር አይደለም። ከዚያ ሐኪም። ሞጣ ሆስፒታል አለ፣ ከዚያ ይጀመር። ደብረ ማርቆስና ባህር ዳር ሪፈራል ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ። ጸበል እንውሰደው የሚል ቤተሰብ ካለ ይውሰደው፤ ሐኪሙን ግን አያስቀሩት። እኔ ስለ ዋርና ስለ ዶኔሽን ነው የማውቀው፤ እናንተም እንደዚያው። በዚህ ጉዳይ የኛ ሥራ ልጁን ከሚያውቅ ሰው እጅ ማድረስ ነው፣ ዛሬ።

ከብቸና፦ አንዱ አባል ከሰኔ ጀምሮ ጠፋ። አባቱን ለማገዝ እርሻ ወርዶ ነው አሉ። ኪክ ይደረግ?

ምን ቆርጧችሁ! ፕሮፋሉ ላይ የዋር ምርጫ አለ፤ ከመሄዱ በፊት ቀዩን ምልክት ቢነካ ለዋር እንዳትመርጡት ታውቃላችሁ፣ ማንንም አይጎዳም። የ12ኛ ክፍል ተፈታኞችም እንዲሁ ያድርጉ። ፈተናው ላይ ስልክ ይዞ መግባት የለም። “ስትሄዱ ተናገሩ፣ ቀይ ተጫኑ” ብላችሁ የክላኑ መግለጫ ላይ ጻፉት። ሳይናገር ወር የጠፋውን መጀመሪያ ደውሉለት፣ ከዚያ አስወጡት፣ ሲመለስም አስገቡት። ይሄኛው ግን ጤፍ እየዘራላችሁ ነው።

ከፍኖተ ሰላም፦ ሊደራችን አካውንቱን ከነክላኑ ለሰው ሊሸጥ ነው። እኛ 30 ሰዎች አብረን የለፋንበት ነው። ድርሻ መጠየቅ እንችላለን?

የጨዋታው ደንብ አካውንት መሸጥም መግዛትም ይከለክላል። ገዢው ነገ ቢታገድበት የሚጮህለት የለም። ድርሻውን ጠበቃ ጠይቁ፤ ካልሳቀባችሁ ንገሩኝ። እኔ ብሆን ሠላሳችንም ዛሬ ማታ ወጥተን ሌላ እንከፍት ነበር። ከዚያ ባዶ ቤቱን ይሽጥ።

ከባህር ዳር፣ አንዲት እናት፦ ልጄ ኮ-ሊደር ሆንኩ ብሎ ደስታውን አልቻለውም። ሹመቱ ደሞዝ አለው?

የለውም፣ እናቴ። የቡሬው ልጅ ግን ሰው እየፈለገ ነው።