ሲቪል ሆነህ ቴርሞዳይናሚክስ ምን ያደርግልሃል?

አንድ የሦስተኛ ዓመት የሲቪል ምህንድስና ተማሪ «ቴርሞዳይናሚክስ (የሙቀትና የኃይል ትምህርት) በምርጫ ኮርስነት ቀርቦልናል፤ የሜካኒካል ልጆች ጣጣ አይደለም እንዴ? ልውሰደው ወይስ ልተወው?» ሲል ጠይቆኛል።

ውሰደው። ግን ግማሹን ከልብህ ተማር፣ ግማሹን ለፈተና።

የካርኖት ሳይክልን (በሐሳብ ያለውን ፍጹም የሙቀት ሞተር አሠራር)፣ የእንፋሎት ተርባይንን ሳይት ላይ ማንም አይጠይቅህም። አሜሪካ ለሲቪል የሚሰጠው የኤፍኢ ፈተና (የመሐንዲስነት ፈቃድ የመጀመሪያው ፈተና) ውስጥ እንኳ ቴርሞዳይናሚክስ የለም። አንተ የምትፈልገው የመጀመሪያውን ሕግ ነው፤ ኃይል አይጠፋምና የገባው ሙቀት የት እንደደረሰ መቁጠር።

በቁጥር እንየው። ሲሚንቶ ከውሃ ጋር ሲዋሃድ ይሞቃል፣ አንድ ኪሎው 350 ኪሎጁል ገደማ ያወጣል እንበል። በሜትር ኩብ 400 ኪሎ ከገባ 140,000 ኪሎጁል ሆነ። አንድ ሜትር ኩብ ኮንክሪት 2,400 ኪሎ ያህል ነው፤ አንዱን ኪሎ በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ ደግሞ 1 ኪሎጁል ገደማ ይበቃል። አካፍለው፣ የ58 ዲግሪ ጭማሪ ነው። በ20 ዲግሪ ካስት ያደረግኸው ኮንክሪት ሙቀቱ መውጫ ካጣ 78 ሊገባ ነው!

ቀጭን ሶሌታ (የወለል ኮንክሪት) ላይ ሙቀቱ ቶሎ ስለሚወጣ ብዙም አያሳስብም። ወፍራም ራፍት (ከሕንፃው ሥር የሚነጠፍ የመሠረት ኮንክሪት) ላይ ግን መሃሉ እንደጋለ ላዩ በአዲስ አበባ የኅዳር ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ላዩ ልኮማተር ሲል መሃሉ ይይዘዋል፣ ከዚያ ስንጥቅ ነው። የሁለቱ ልዩነት ከ20 ዲግሪ አይለፍ የሚባለው ለዚህ ነው። መሃሉ ከ70 ካለፈ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ እርጥበት ካገኘ ከዓመታት በኋላ ኮንክሪቱን ከውስጥ የሚያሳብጥ የኬሚካል ለውጥ ሊመጣ ይችላል።

ፎርማኑ «ሞቋል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ድፉበት» ቢልህ እሺ አትበል፣ ልዩነቱን ነው የሚያሰፋው። ላዩን እርጥበቱ እንዳይወጣ በፕላስቲክ፣ ሙቀቱ እንዳይወጣ በፎም ሸፍነው። ማቀዝቀዝ ካማረህ ከውስጥ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1935 ያለቀው የሁቨር ግድብ ኮንክሪት ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ የሚያልፍበት ቧንቧ ቀብረውበታል።

ውሃ ዘርፍ ከገባህም ያገለግልሃል። የአየር ግፊቱ አነስተኛ ስለሆነ አዲስ አበባ ላይ ከላይ ተቀምጦ ከጉድጓድ ውሃ የሚስብ ፓምፕ የሚስብበት ጥልቀት በወረቀት እንኳ 8 ሜትር አይሞላም፣ ባሕር ዳርቻ ግን 10 ያልፋል።

ከኮንክሪት ቴክኖሎጂ ወይም ከአፈር መካኒክስ ጋር ከተጋጨብህ ግን እነሱን ያዝ። ቴርሞውን የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች ከጓደኛህ ደብተር አንብበህ፣ የሙቀት መተላለፍን ጨምረህ ትደርስበታለህ።