የኮርኒስ ጠርዝ ለማሠራት ላሰባችሁ፦ ጥያቄና መልስ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የጂብሰምና የእንጨት ሥራ ስሠራ 14 ዓመት ሆኖኛል። ሰሞኑን ግድግዳና ኮርኒስ የሚገናኙበትን ጠርዝ ስለሚሸፍነው ጌጥ የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል። አንዳንዱ ኮርነር ሊስት ይለዋል። ጥያቄያችሁን ላኩ ብዬ ነበር፤ መልሴ እነሆ።

ሳሎኔ 4 በ5 ሜትር ነው። ስንት ልግዛ? (ደብረ ማርቆስ)

ዙሪያውን ደምሪው፤ 18 ሜትር ይመጣል። በሩን አትቀንሺ፤ ጠርዙ ከበሩ በላይ ነው የሚያልፈው። ለቁርጥራጭ 10 ከመቶ ስትጨምሪበት 20 ሜትር ግድም ይሆናል። አንዱ ዘንግ 2.44 ሜትር ከሆነ 9 ይበቃሻል። ማዕዘን የበዛበት ቤት ከሆነ ግን 15 ከመቶ ያዢ።

ፎም፣ ጂብሰም ወይስ እንጨት? የቱ ይረክሳል? (ፍኖተ ሰላም)

ብዙ ጊዜ ፎም ይረክሳል፤ በደንብ የደረቀ ጥሩ እንጨት ይወደዳል። ጂብሰም መሃል ላይ ነው። ግን ወንድሜ፣ የዕቃውን ዋጋ ብቻ ጠይቀህ አትወስን። ብሩን የሚበላው የእጅ ዋጋው ነው። ባለሙያውን በሜትር ስንት እንደሚል ጠይቀው። ስቱኮው፣ ቀለሙና መወጣጫው በዋጋው ውስጥ መግባታቸውንም ከመጀመሩ በፊት አረጋግጥ። ጸቡ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

የተዘጋጀ ጂብሰም ከአዲስ አበባ የምታስመጣ ከሆነ መንገድ ላይ የሚሰበረውንም አስብ። የዓባይን በረሃ ወርዶ እስኪወጣ ድረስ ብዙ ይናጣል። የሚገርመው፣ ጎሐ ጽዮንና ደጀን መካከል ባለው በዚያው ሸለቆ ድርብርብ ድንጋይ ውስጥ የጂብሰም ድንጋይ አለ። እኔ ዱቄቱን ገዝቼ፣ ቃጫ ጨምሬ፣ እዚያው ቤቱ ውስጥ በቅርጽ ማፍሰሱን እመርጣለሁ። ስብራቱ ይቀራል።

ቤቴ የጭቃ ነው፤ ኮርኒሱም አቡጀዲ። ጂብሰም ይሆነኛል? (ቢቸና)

አይሆንም እትዬ፣ እውነቱን ልንገርዎት። ጂብሰም ከባድ ነው፤ አቡጀዲ አይሸከመውም። ለእርስዎ ቤት ቀጭን እንጨት ነው የሚሻለው። ጭቃው ራሱ ሚስማር አይዝም፤ የሚይዘው ውስጡ ያለው ማገር ነው። ባለሙያው ግድግዳውን በመዶሻ ጫፍ ቀስ እያለ ያንኳኳ፤ ማገር ያለበት ቦታ ድምፁ ይለያል። ሚስማሩን እዚያ ይምታ።

እንጨቱ እርጥብ ባሕር ዛፍ እንዳይሆን አደራ። ዛሬ ቀጥ ብሎ ይመታና በጋው ሳያልቅ ይጣመማል። ጥላ ውስጥ፣ አየር በመሃሉ እንዲያልፍ ተደርጎ ተደርድሮ ይድረቅ።

ፎም ለጠፍኩ፤ ግን ኮላው በላው። ለምን? (ባሕር ዳር)

ኮላህ ቲነር ወይም ቤንዚን ነበረበት። ፎም እሱን ሲነካ ይሟሟል። በውሃ የሚሠራ ኮላና የውሃ ቀለም ብቻ ተጠቀም። ሌላም አለ፤ ፎም እሳት ይይዛል። ከምድጃ በላይ፣ ቡና ከሚፈላበት ማዕዘን በላይ፣ ሻማ ከሚበራበት አጠገብ አትለጥፈው። በዚህ ላይ ከማንም ጋር አልደራደርም።

ማዕዘኑ ላይ አልገጥም አለኝ፤ በ45 ነው የቆረጥኩት። (ቡሬ)

ምክንያቱም ግድግዳህ 90 አይደለም። የኛ አገር ቤት ማዕዘኑ ልክ 90 የሆነ ጥቂት ነው። እኔ እንዲህ አደርጋለሁ። ቀጥ ያለች ቁራጭ ጣውላ በአንዱ ግድግዳ ላይ አስጠግቼ ኮርኒሱ ላይ በእርሳስ አሰምራለሁ። በሌላኛውም እንዲሁ። ሁለቱ መስመሮች ከሚገናኙበት ነጥብ እስከ ማዕዘኑ ድረስ ሦስተኛ መስመር እስባለሁ። መጋጠሚያው እሱ ላይ መውደቅ አለበት። ማዕዘኑ 94 ከሆነ፣ መጋዙ በ47 ይሄዳል ማለት ነው። መጀመሪያ በቁራጭ ሞክር፤ ሲገጥም ዋናውን ቁረጥ። የቀረችውን ስንጥቅ ስቱኮ ይደብቃታል፤ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ግን አይደብቅም።

ስፋቱስ? (ዳንግላ)

ኮርኒስሽ 2.60 ሜትር ከፍታ ካለው ከ7 እስከ 10 ሴንቲ ይበቃል። 3 ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ 12 ወይም 15 ያምራል። ዝቅ ባለ ቤት ሰፊ ጠርዝ ክፍሉን ያጠብበዋል።

ሐምሌ ላይ ባሠራውስ? (ሞጣ)

ጥቅምትን ጠብቅ። ባለፈው ክረምት አንድ ቤት ተጠርቼ ሄድኩ። አዲሱ ነጭ ጂብሰም ማዕዘኑ ላይ ቡና የፈሰሰበት ይመስላል። ቆርቆሮው ላይ አንዲት ሚስማር ላልታ ነበር፤ ውሃው በሞራሌው ተንሸራቶ እዚያ ወርዷል። ሰውዬው ጠርዙን ደግመው አሠሩ፤ ሁለት ጊዜ ከፈሉ። ስለዚህ ዝናብ እየዘነበ ጣሪያ ሥር ገብተህ በባትሪ እይ። የሚያፈሰውን ድፈን። ሥራውን ዝናቡ ሲያቆም አስጀምር፤ ጂብሰሙም ቀለም ሳይነካው በደንብ ይድረቅ። እጅህን ስታሳርፍበት ከቀዘቀዘህ ገና ነው።